ዋንጫው በማን ስም ይጠራ?

ባለፈው እትም በዚሁ ሰሌዳ ግራ ጠርዝ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ማስታወቂያ ይህን ያህል ታነጋግራለች ብሎ የገመተ አልነበረም። የሰልጣኞች የስፖርት ኮሚቴ በየዓመቱ በክፍሎች መካከል ለሚደረገው የእግር ኳስ ውድድር አዲስ ዋንጫ ስላስገዛ፣ ዋንጫው ከቀድሞ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኞች በአንዱ ስም ይጠራ ዘንድ ሐሳብ ያለው ሁሉ በጽሑፍ ያቅርብ ትላለች። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ግን በምግብ አዳራሹ ወረፋም፣ በመኝታ ክፍልም፣ በሻይ ቤትም ሌላ ወሬ የለም። መምህራኑም ቢሆኑ አልቀሩበትም፤ የሥነ ትምህርት መምህራችን ሳይቀሩ ስለ ፈተና አወጣጥ ሊያስተምሩን ገብተው የክፍለ ጊዜውን እኩሌታ በሰውነት ቢሻው ጨርሰውታል። እኛማ ደስ አለን።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለማስተማር ልምምድ ወደ ኮንጋ የተመደብነው ስምንት ዕጩ መምህራን ነን። ኮንጋን በስም የማያውቅ ሰልጣኝ ያለ አይመስለንም። ይርጋ ጨፌ አጠገብ ያለች፣ ቡናዋ በውጭ አገር ቡና ቤቶች በራሷ ስም እየተጠራ የሚሸጥ መንደር ናት። ቡናው ባሕር ተሻግሮ ስም ሲያገኝ የመንደሩ ልጆች ግን ኳስ የሚያንከባልሉበት ደልዳላ መሬት እንደ ልብ አያገኙም። የጌዴኦ ምድር ዳገት ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ባዶ አይደለም። ከላይ ጥላ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ መሐል ቡና። ይህ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ኮርተናል፤ ለተከላካይ ግን ፈተና ነው። ኳሷ አንዴ ካመለጠች ቁልቁል ተንከባልላ እንሰት ውስጥ ትገባለች፣ ጨዋታው ይቆማል፣ በረኛው ሊፈልጋት ይወርዳል። እስኪመለስ ድረስ ተጫዋቾቹ ስለ ጎሉ ይጨቃጨቃሉ። እኛም ስለ አሠልጣኞች።

ክርክሩን በሥርዓት ለማካሄድ በመጀመሪያው ምሽት አንዱ ጓደኛችን መላ አመጣ። በጌዴኦ ሶንጎ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር ሲያዩ ሁሉም ሐሳቡን ይሰጣል፣ ተደማምጠውም ወደ አንድ ቃል ይመጣሉ፤ እኛም እንደዚያው እናድርግ አለ። ተስማማን። የመጀመሪያው ተናጋሪ በጸጥታ ተደመጠ። ሁለተኛው "ይድነቃቸው ያሸነፈው እኮ አራት አገር ብቻ በነበረበት ነው" ከማለቱ ግን ሶንጎው ፈረሰ፤ ሽሮውም አረረ።

እንግዲህ ከዚያው እንጀምር። ነገሩ እውነት ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ የተሳተፉት አራት ቡድኖች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዑጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ዋንጫ ለመውሰድ ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው ጨዋታ ከማን ጋር እንደነበረ ማየት ነው። ግብፅ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች አገር ናት። ጥር 13 ቀን የኢትዮጵያ ቡድን መጀመሪያ 1 ለ 0 ተመራ፤ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆነ፤ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ እንደገና ተመራ። ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አከሉና 4 ለ 2 አለቀ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ያልተበተነ ቡድን ነው። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ያንን ዋንጫ ወስዳ አታውቅም።

ታዲያ ለምን ስሙን ለእሳቸው ሰጥተን አንገላገልም? ከመካከላችን ሁለቱ እስከ ዛሬ የሚሉት ይኸንኑ ነው። የቀረነው ግን የጋሽ ይድነቃቸው ውርስ በአሠልጣኝነት ወንበር ላይ ብቻ ተቀምጦ አላገኘነውም። ሰውየው በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፣ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ትልቁ ትግላቸው ከአፓርታይድ ጋር ነበር። በመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ደቡብ አፍሪቃ ልትገጥም የነበረው ከኢትዮጵያ ጋር ነበር፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ፊፋ በ1968 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ እስኪያባርራት ድረስ በስብሰባው ሁሉ ከተከራከሩት ግንባር ቀደሙ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ከክፍሎች ዋንጫ ይበልጣል፤ አዳራሽ ይሰየምለት ብለን ብናቀርብ ይሻላል። ሁለቱ ጓደኞቻችን "ይኼ ማምለጫ ነው" ይላሉ። ይበሉ።

ስለ መንግሥቱ ወርቁ ብዙ አንልም፤ ይሁንና ዝም ብለን ብናልፋቸው ነውር ነው። በ117ኛው ደቂቃ ያችን አራተኛ ጎል ያገባው እግር ከ20 ዓመት በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ሊቢያ ወረደ። በ1974 ዓ.ም. በዚያ የአፍሪቃ ዋንጫ ቡድናቸው በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈና ከአልጄሪያ ጋር ባዶ ለባዶ ወጣ። በአፍሪቃ ዋንጫዎች በጠቅላላው 10 ጎል ያስቆጠረ ሰው የሚያሠለጥነው ቡድን አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ፤ ኳስ እንዲህ ናት። ግን ያች አልጄሪያ ከሦስት ወር በኋላ በስፔን የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው አልጄሪያ ናት። ውጤት ሲነገር ከማን ጋር እንደሆነ አብሮ ይነገር የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰውነት ቢሻው እንምጣ፤ ትልቁ ጭቅጭቅ ያለው እሱ ዘንድ ነውና። ከ1974 በኋላ 31 ዓመት ኢትዮጵያ በአፍሪቃ ዋንጫ አልታየችም። ስንቱ አባት ለልጁ ስለ ሊቢያው ቡድን እየነገረ አሳደገ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሱዳን 2 ለ 0 ተሸነፈች። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን 5 ለ 3 አሸንፋ ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ኢትዮጵያ ከሜዳዋ ውጭ ባገባቻቸው ሦስት ጎሎች አለፈች። ሲሸነፉ ያገቧቸው ጎሎች ናቸው ያሳለፏቸው። ይህን ለሒሳብ ክፍላችን ምሳሌ አድርገን አቅርበነው ነበር፤ ልጆቹ ክፍልፋይ ያስቸግራቸው እንጂ ይህን ግን አንዴ ሲነገራቸው ገባቸው።

ውድድሩ የተደረገው ደቡብ አፍሪቃ ነው፤ ጋሽ ይድነቃቸው ያን ያህል የታገሉላት፣ አሁን ግን ነጻ የወጣችው ደቡብ አፍሪቃ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ፣ ከዋንጫው ባለቤት ጋር ነበር። ቀኑ ደግሞ ጥር 13! ልክ 51 ዓመት። ፍጹም ቅጣት ምት ተሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ዛምቢያ መራች፤ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ተለያዩ። የኮንጋ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጥበቃ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ ያን ቀን እሸት ቡና እየተረከቡ የነበሩ ሰዎች ሚዛኑን ትተው ወደ ቴሌቪዥን ሮጡ ብለው አጫውተውናል። የመኸሩ ወቅት ስለሆነ አንሰማቸውም ነበር እንጂ፣ ቡናው አልጋ ላይ ሳይገለበጥ መዋሉንም ነግረውናል። ቡና ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0። ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ ነው እጃቸውን የሚያወጡት። "ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ አንድ ጎል፤ ይህ ነው ወይ ዋንጫ የሚሰየምለት?" ይላሉ። የሚረሱት ነገር አለ። ለፍጻሜ የተገናኙት ሁለት ቡድኖች እነዚያው ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ነበሩ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት፣ ካለፈው ዓመት ባለ ዋንጫ ጋር ተደምረው፣ ሁሉም እኛ ምድብ ውስጥ!

የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተዛዝባል። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪቃ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስትሸነፍ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ጨፈረ። ጭፈራው ሳያልቅ ወሬ መጣ፤ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ተገኝቷል። ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። ማን ይጠየቅ? አሠልጣኙ ነው ወይስ ደብዳቤ የሚቀበለው ጽሕፈት ቤት? ይህች ጥያቄ ክፍላችንን ለሁለት ከፍላዋለች። እኛ እንደ ዕጩ መምህርነታችን ያየነው እንዲህ ነው፤ የስም መጥሪያና የውጤት መዝገብ የሚያዘው መምህሩ ጋ ቢሆንም፣ መዝገቡን ቁልፍ ባለው ሣጥን የሚያኖርና በየወሩ የሚያመሳክር ርእሰ መምህር ከሌለ፣ አንድ ሰው ክፍል ውስጥ እያስተማረ ሁሉን ሊቆጥር አይችልም። ቡድኑ ግን ሦስት ነጥብ ተወስዶበትም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ ይህ ብዙ አይወራለትም። ለመጨረሻዎቹ አሥር ደርሶ ከአፍሪቃው ሻምፒዮን ከናይጄሪያ ጋር ተገናኘ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሕልሙም በዚያ ተቋጨ። በዚያው ዓመት በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ውድድር ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ተመለሰና አቶ ሰውነት ተሰናበቱ።

ከዚያስ? ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረ መድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ። በስድስት ዓመት ገደማ አምስት አሠልጣኝ! በተመደብንበት አካባቢ ካየናቸው ክፍሎች በአንዱ በአንድ ዓመት ሦስት መምህር የተፈራረቀባቸው ልጆች አጋጥመውናል። አንዱ መምህር እስከ ምዕራፍ ሁለት አደረሳቸው፣ ሁለተኛው ከምዕራፍ አንድ ጀመረ፣ ሦስተኛው "የት ደረሳችሁ?" ሲላቸው ልጆቹ ተያዩ። የብሔራዊ ቡድኑን ተጫዋቾች ባሰብን ቁጥር እነዚያ ልጆች ፊታችን ላይ ይደቀናሉ።

የኛ ዕጩ ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱ ነው፤ እነሆ ልንከራከርለት ነው። አብርሃም መብራቱ።

አውቀናል፣ ትስቃላችሁ። ምን ወሰደ? ዋንጫ የለውም። በአፍሪቃ ዋንጫም ወንበር ላይ አልተቀመጠም። እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ለ2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተብሎ በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ለተደረገው ዋንጫ የኢትዮጵያ ምድብ አይቮሪ ኮስት፣ ማዳጋስካርና ኒጀር ነበሩበት። ኢትዮጵያ ሦስት ጨዋታ አሸንፋ 9 ነጥብ ሰበሰበች። ማዳጋስካር 8። በአንድ ነጥብ ነው ያለፍነው። ከሦስቱ ድሎች ሁለቱ፣ ኒጀርን 3 ለ 0ና መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0፣ በውበቱ አባተ ዘመን የተገኙ ናቸው፤ እጅ የሚያስመቱ ናቸው። አንደኛው ግን፣ የምድቡን ትልቅ አገር አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የተገኘው በአብርሃም ነው። ያችን ሦስት ነጥብ አውጡና ደምሩ። 6። ካሜሩን አይታሰብም።

አብርሃም ቡድኑ ካሜሩን ሲገባ በቦታው አልነበሩም፤ በ2012 ዓ.ም. ውላቸው አልቆ ሄደዋል። ይህ በእሳቸው ላይ ሲደርስ ደግሞ የመጀመሪያው አልነበረም። ከዚያ በፊት የመንን ያሠለጥኑ ነበር። አገሩ ጦርነት ላይ ነበር፤ በገዛ ሜዳው መጫወት የማይችል ቡድን ይዘው በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ዶሃ ላይ ኔፓልን 2 ለ 1 አሸንፈው፣ የተዋሃደችውን የመን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አበቁ። ውድድሩ ሲደርስ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ሁለት አገር፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ዘርቶ ሌላው ደረሰበት።

በዚህ ላይ የሚቀርበው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ አንሸሽገውም። "አሠልጣኝ የሚቀጠረው ሊጨርስ ነው፤ በማዳጋስካር 1 ለ 0 የተሸነፈውም እኮ እሱው ነው" ተብለናል። "ውበቱስ ሜዳ አልባ ሆኖ አይደል እንዴ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን በሰው አገር፣ ሊሎንግዌ ላይ 2 ለ 0 ያሸነፈው?" ተብለናል። ልክ ነው። አገራችን መለኪያውን የሚያሟላ ስታዲየም አጥታ የሜዳዋን ጨዋታ ማላዊ ወስዳ ስትጫወት፣ የአፍሪቃ ዋንጫን ሁለተኛ የወጣችውን ግብፅ ማሸነፍ ቀልድ አይደለም። ውበቱን የመረጠ ሰው ቢያሸንፈን አናኮርፍም። ብቻ የውበቱ ስም በሁሉም አፍ አለ፤ የአብርሃምን ግን ሳንነግራቸው የጠራ አንድ ሰልጣኝ አላጋጠመንም። ከምንማርበት ሙያ አንጻር ይህ ያሳስበናል። ኮንጋ ከስምንታችን አራቱ የደረስነው ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል እናስቆጥራለን። እነዚህ ልጆች ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትነው ሲያልፉ ስሙ የሚነሣው የስምንተኛ ክፍሉ መምህር ነው። ያኔ እኛ የት እንደምንሆን እንኳ አናውቅም።

የራሳችን ተቋም ቡድንስ? ስማቸውን ባንጠቅስም ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንደኛው አሠልጣኝ ዋንጫ አምጥተውልናል፤ ፎቶግራፋቸው ቢሮው ግድግዳ ላይ አለ። ሌላው በሁለት ዓመት ውስጥ ያሸነፉት ጨዋታ በጣት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን የታችኛውን ሜዳ ከሰልጣኞች ጋር በዶማና በአካፋ ደልድለው፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ያስቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ዋንጫ ያመጣው ቡድን የተለማመደበትም ሜዳ እሱ ነው። ፎቶግራፋቸው የለም።

አንድ ነገር እንጨምርና እናብቃ፤ ይህ የኛ ሳይሆን የኮንጋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። የትምህርት ቤቱን የሴቶች ቡድን ከሰዓት በኋላ እናለማምዳለን፤ ጎበዞች ናቸው፣ ጌዴኦ ዲላ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት ስላዩ የተጫዋቾቹን አሰላለፍ በቃላቸው ይዘውታል። ስለ ዋንጫው ስንነግራቸው አንዷ "ቲቸር፣ ብሔራዊ ቡድን ማለት የወንዶቹ ብቻ ነው እንዴ?" አለችን። ዝርዝሩን አየነው፤ ሁሉም የወንዶቹን ያሠለጠኑ ናቸው። ሉሲን ያሠለጠነችው ሰላም ዘርአይ የለችበትም። ኮሚቴው ይህን መልስ ይስጥበት፤ ልጅቷ ሰኞ ትጠይቀናለች።

ስምንታችን የፈረምንበት ወረቀት ለኮሚቴው ጸሐፊ ተሰጥቷል፤ ስድስቱ ለአብርሃም መብራቱ፣ ሁለቱ ለይድነቃቸው ተሰማ። የሜዳው አሠልጣኝ ፎቶግራፍም ከዋንጫው ባለቤት ጎን ይሰቀል የሚል ማመልከቻ ከሥሩ አያይዘናል፤ በዚህኛው ስምንታችንም አንድ ነን። የውበቱና የሰውነት ደጋፊዎች መልስ እንዲጽፉ ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። እርሳሱ በሲባጎ የታሰረው አደራ እንዳይወሰድ ነው፤ ባለፈው ጊዜ የታሰረው ጠፍቶብናል።